በኮሪደሩ ጫፍ ያለው በር

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ስለ አንድ የፈረንጅ ገዳም ላውራችሁ። ቦታው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው፤ ክረምቱ ሐይቁን እንደ ድንጋይ የሚያጠጥርበት አገር። በ1856 (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ) ቤኔዲክት ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አምስት ሰዎች ከፔንሲልቬንያ ተነሥተው ዘለቁበት። የሄዱት ለጀርመን ስደተኞች ሊሰብኩ ነበር። የቤኔዲክት ልጆች ግን ጸሎትንና መጽሐፍን መነጣጠል አይሆንላቸውም፤ በዓመቱ ጥቂት ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። የዛሬው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ተጠነሰሰ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማደሪያ ልውሰዳችሁ። ረጅም ኮሪደር ነው። በግራ በቀኝ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ክፍል፣ የተዝረከረከ ጫማ፣ ያልታጠበ ልብስ፣ ሙዚቃ። ጫፍ ላይ ያለው በር ግን የመነኩሴ ነው። ዘበኛ እንዳይመስላችሁ! እዚያው የሚያድር ጎረቤት ነው። ቤቱን የናፈቀ፣ ፈተና የከበደው ልጅ ያንኳኳል። መነኮሳቱ የሚመሩበት የቤኔዲክት ሥርዓት በ53ኛው ምዕራፉ የመጣ እንግዳ ሁሉ ክርስቶስ እንደመጣ ሆኖ እንዲስተናገድ ያዛል፤ ከቤቱ የወጣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ እንግዳ ካልሆነ ማን እንግዳ ሊሆን ነው?

መነኮሳቱ ሌላም ቃል ኪዳን አለባቸው፤ በመነኮሱበት ገዳም እስከ ዕለተ ሞት መጽናት። ተማሪው አራት ዓመት አድሮ ይሄዳል። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጁን ይዞ ሲመለስ ያስተማረውን መነኩሴ እዚያው ሊያገኘው ይችላል፤ ሸብቶ፣ ምናልባትም መቃብር ውስጥ።

አንድ ነገር ግን አልዘልም። ይኸው ገዳም በመነኮሳቱ ላይ በቀረበ የወሲብ ጥቃት ክስ አንገቱን የደፋ ገዳም ነው። በር ክፍት ነው ብሎ ማወደስ ብቻውን አይበቃም፤ በሩን የሚጠብቅም ያስፈልጋል።

ማደሪያው የወንዶች ነው። ሴቶቹ የሚያድሩት የቤኔዲክት እኅቶች በ1913 በከፈቱት ኮሌጅ፣ ጥቂት ማይል ወዲያ ነው። ትምህርቱ የጋራ ስለሆነ አውቶቡስ ሲያመላልሳቸው ይውላል። የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን አርክቴክቱ ማርሴል ብሮየር ነደፈው፤ በ1961 አለቀ። ፊት ለፊቱ ደወሎቹን ያቀፈ፣ ከ30 ሜትር በላይ የሚቆም የኮንክሪት ሰንደቅ አለ።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። እነዚህ መነኮሳት ጦርነት የአውሮፓን ብራናዎች እንዳያጠፋ ሰግተው በ1965 በኦስትሪያ ገዳማት ያሉትን በፊልም ማንሣት ጀመሩ። በ1973 ሥራው ኢትዮጵያ ደረሰ። በየገዳሙና በየደብሩ የተቀመጡ በሺህ የሚቆጠሩ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ተነሡ፤ ቅጂው ሚኒሶታ ገባ። የእኛ ጽሑፍ በበረዶው አገር ቤት አገኘ።

አንባቢ ደግሞ ያስፈልገው ነበር። በ1975 የደርግ ወታደሮች የተኮሱባቸውና ጥይቱ እግራቸውን ሽባ ያደረገባቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በተከታዩ ዓመት እዚያ ደረሱ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ፊልሙን እያዩ፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት፣ የጸሐፊውን ስም፣ በኅዳጉ የተጻፈውን የርስት ውል ሳይቀር እየመዘገቡ ዐሥርት ዓመታት ቆዩ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙት በዚሁ ትጋት ነው። በ2021 ዐረፉ።

የብራናው ቅጂ ካለበት ሕንፃ እስከ ተማሪው ማደሪያ የእግር መንገድ ነው። ደወሉ ሲደወል ከሁለቱም ይሰማል።