ቤት ገዝተው የሚያከራዩ ሰዎች ለሌሎች የቤት ባለቤትነትን ያርቃሉ? የብሪታኒያ ተሞክሮ

በአንድ የእንግሊዝ ከተማ ለሽያጭ የሚቀርብ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ፈላጊዎች አሉት። አንደኛው ለዓመታት ኪራይ እየከፈለ የመጀመሪያ ቤቱን ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅም የቆየ ሰው ነው። ሁለተኛው የሚኖርበት ቤት ያለው፣ ይህንን ደግሞ ገዝቶ ለማከራየት የሚሻ ነው። “ባይ ቱ ሌት” በመባል የሚታወቀው ይህ ገዝቶ የማከራየት ልማድ በብሪታኒያ ሦስት አሥርት ዓመታትን አስቆጥሯል። የመጀመሪያው ፈላጊ ቤት አጥቶ ሲመለስ ጣቱን የሚቀስረው በሁለተኛው ላይ ነው። ሁለተኛው በበኩሉ “እኔ ባላከራይ የት ትኖር ነበር?” ይላል። ለሁለቱም ክርክር ማስረጃ አለ፤ ማስረጃዎቹ እኩል ክብደት አላቸው ማለት ግን አይደለም።

አከራይነት እንዴት ተስፋፋ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከግለሰብ ቤት የሚከራየው የእንግሊዝ ነዋሪ ከአሥር አባወራዎች አንዱ ያህል ብቻ ነበር። የኪራይ ዋጋ በሕግ ይገደብ ስለነበርና ተከራይን ማስወጣት አስቸጋሪ ስለነበር፣ ገንዘብ ያለው ሰው ቤት ለማከራየት እምብዛም አይጓጓም ነበር።

ይህንን የቀየረው የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ያወጣው የ1988ቱ የቤቶች ሕግ ነው። ከጥር 1989 ጀምሮ በተፈረሙ አዳዲስ ውሎች ላይ የኪራይ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። የሕጉ አንቀጽ 21 ደግሞ የውሉ ጊዜ ሲያበቃ አከራዩ ምንም ምክንያት ሳያቀርብ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ቤቱን እንዲያስለቅቅ ፈቀደለት። ለተከራይ ይህ የዋስትና ማጣት ነው። ለአበዳሪ ባንክ ግን መልካም ዜና ነበር፤ ብድሩ ባይከፈል ቤቱን ያለ ተከራይ መሸጥ ይቻላልና።

እ.ኤ.አ. በ1996 የቤት አከራይ ወኪሎች ማኅበር ከጥቂት አበዳሪዎች ጋር ሆኖ ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጀ ብድር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት ቤት ለማከራየት የሚበደር ሰው እንደ ነጋዴ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ወለድ ይጠየቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መምህሩም፣ የታክሲ ሹፌሩም፣ ጡረታ የወጣው የቢሮ ሠራተኛም ሁለተኛ ቤት ገዝቶ ማከራየት የሚችልበት በር ተከፈተ። የብሪታኒያ አከራዮች በአብዛኛው ግዙፍ ኩባንያዎች ሳይሆኑ አንድ ወይም ጥቂት ቤቶች ያሏቸው ግለሰቦች የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር የሚተሳሰር ሌላ ታሪክም አለ። በ1980 የወጣው ሕግ በማዘጋጃ ቤት ወይም በተለምዶ “ካውንስል” በሚባሉት ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን በከፍተኛ ቅናሽ እንዲገዙ ፈቅዶ ነበር። በእንግሊዝ ብቻ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቤቶች በዚህ መንገድ ተሸጠዋል። ብዙዎቹ ገዢዎች ግን ውሎ አድሮ ቤቶቹን ለሌላ ሸጡ። “ኢንሳይድ ሃውሲንግ” የተሰኘው መጽሔት በ2017 ባደረገው ማጣራት በእንግሊዝ ከተሸጡት የካውንስል አፓርታማዎች 40 በመቶ ያህሉ በግል አከራዮች እጅ ገብተው ሲከራዩ አገኘ። ተከራይን ባለቤት ያደርጋል የተባለው ሕግ፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ያንኑ ቤት ቀድሞ ከነበረው በእጅጉ በሚበልጥ ኪራይ ለሌላ ተከራይ አስረክቧል ማለት ነው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በእንግሊዝ በራሳቸው ቤት የሚኖሩ አባወራዎች ድርሻ በ2003 71 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2017 ወደ 63 በመቶ ገደማ ወረደ። በዚሁ ዘመን ከግል አከራይ የሚከራዩት ድርሻ በእጥፍ አድጎ ወደ 20 በመቶ ተጠጋ፤ ቁጥራቸው ከ4 ሚሊዮን ተኩል አባወራዎች በላይ ሆነ። ክፉኛ የተጎዱት ወጣቶች ናቸው፦ ከ25 እስከ 34 ዓመት ካሉት መካከል የቤት ባለቤት የነበሩት ከግማሽ በላይ ሲሆኑ፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ ግን ከ40 በመቶ በታች ወርደው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጠኑ አገግመዋል።

ሁለቱ ገዢዎች ባንክ ፊት ሲቀርቡ

አከራዩ ለምን እንደሚያሸንፍ ለመረዳት የብድሩን ስሌት ማየት ይጠቅማል። ዋጋው 300 ሺህ ፓውንድ የሆነ አፓርታማ እንውሰድ።

ጥንዶቹ ዕቁብ ጥለውም ሆነ በባንክ አጠራቅመው 10 በመቶ፣ ማለትም 30 ሺህ ፓውንድ ቅድመ ክፍያ አዘጋጅተዋል። የሚፈልጉት ብድር 270 ሺህ ነው። ባንኩ ብዙውን ጊዜ የዓመት ገቢን አራት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚያበድር፣ ሁለቱ በድምሩ በዓመት 60 ሺህ ፓውንድ ገቢ ሊኖራቸው ይገባል። በ5 በመቶ ወለድ፣ በ25 ዓመት ለሚከፈል ብድር በየወሩ 1,580 ፓውንድ ገደማ ይከፍላሉ። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ወለድ፣ ከፊሉ ዋናው ገንዘብ ነው።

አከራዩ 25 በመቶ፣ ማለትም 75 ሺህ ፓውንድ ማስያዝ ይጠበቅበታል። ይህ ከበድ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ከደመወዙ አላጠራቀመም፤ ቀድሞ የገዛው መኖሪያ ቤቱ ዋጋው ስለጨመረ በዚያ ላይ ተጨማሪ ብድር ይወስዳል። ለአከራይ የሚሰጠው ብድር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ወለዱ ብቻ የሚከፈልበት ነው። በተመሳሳይ 5 በመቶ ወለድ ለ225 ሺህ ፓውንድ ብድር የወር ክፍያው 940 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ባንኩ በዋናነት የሚመዝነውም የአከራዩን ደመወዝ ሳይሆን ቤቱ የሚያስገኘውን ኪራይ ነው። ወለዱን ከነመጠባበቂያው የሚሸፍነው ደግሞ የተከራዩ ደመወዝ ነው።

የምሬቱ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት 1,400 ፓውንድ ኪራይ ሳያጓድል የከፈለ ሰው ለቤት መግዣ ብድር ሲያመለክት ገቢህ አይበቃም ሊባል ይችላል። ኪራዩ ቅድመ ክፍያ የሚያጠራቅምበትን አቅም ይበላበታል፤ ቤት በተወደደ ቁጥር የሚፈለግበት ቅድመ ክፍያ ያድጋል፤ የአከራዩ የመበደር አቅምም አብሮ ያድጋል። ሁለቱ የሚሽቀዳደሙት በአንድ መስመር ላይ ነው ማለት ያስቸግራል።

ዋጋውን ያናሩት እነርሱ ናቸው?

ይሁንና አከራዮች በርካታ ቤቶችን መውሰዳቸውና የቤት ዋጋን ማናራቸው አንድ ነገር አይደለም። የመንግሥት አማካሪ የነበረ የቤቶችና የፕላን ተቋም በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ለአከራዮች የተሰጠው ብድር እስከ 2007 ድረስ አማካይ የቤት ዋጋን ቢበዛ 7 በመቶ ያህል ከፍ እንዳደረገ ገምቷል። በዚያ ወቅት የቤት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ስለነበር የአከራዮች ድርሻ ትንሽ ነው ማለት ነው። ትልቁን ድርሻ የያዙት የወለድ መቀነስ፣ የብድር በቀላሉ መገኘት፣ የገቢ ማደግና የግንባታ እጥረት ነበሩ። ብሪታኒያ ከ1947 ጀምሮ በምትከተለው የፕላን ሥርዓት እያንዳንዱ አዲስ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ያለው አረንጓዴ ቀበቶም ለግንባታ ዝግ ነው ለማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ባንኮች አነስተኛ ቅድመ ክፍያ ላላቸው ሰዎች ማበደር አቆሙ ማለት ይቻላል። ወጣቶች ከገበያ የወጡት አከራይ ስለገፋቸው ብቻ አልነበረም፤ የባንኩ በር ቀድሞ ተዘግቶባቸው ነበር። አከራዩ የገባው በተከፈተለት በር ነው።

እነዚህ ማስረጃዎች የአከራዮችን ሚና ያሳንሱታል እንጂ አያጠፉትም። 7 በመቶው የአገር አማካይ ነው። አከራዮች በአገሩ ሁሉ እኩል አይገዙም፤ የሚመርጡት ትንንሽ አፓርታማዎችንና ርካሽ ቤቶችን፣ የመጀመሪያ ገዢዎችም የሚፈልጓቸውን ነው። ዋጋው ባይለወጥ እንኳ ቤቱ በማን እጅ ይገባል የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ ለጥንዶቹ ዋነኛው ጥያቄም ይኸው ነው።

የግብር ማሻሻያውና የሮተርዳም ክልከላ

የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ኦዝቦርን በ2015 ሚዛኑን ወደ መጀመሪያ ገዢዎች ለመመለስ ወሰኑ። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ተጨማሪ ቤት የሚገዛ ሰው በግዢ ግብሩ ላይ ከቤቱ ዋጋ 3 በመቶ እንዲጨምር ተደረገ፤ ይህ መጠን በጥቅምት 2024 መጨረሻ ወደ 5 በመቶ ከፍ ብሏል። ከዚህ የበለጠ የከበደው ግን ከ2017 እስከ 2020 ደረጃ በደረጃ የተተገበረው የገቢ ግብር ለውጥ ነው። በዓመት 15 ሺህ ፓውንድ ኪራይ አግኝቶ 10 ሺህ ወለድ የሚከፍልና 40 በመቶ ግብር የሚቆረጥበት አከራይ፣ ቀድሞ በትርፉ ላይ 2 ሺህ ይከፍል ነበር። በአዲሱ ሕግ ግብሩ በጠቅላላው ኪራይ ላይ ይሰላና ከወለዱ 20 በመቶው ብቻ ይቀነስለታል፤ ስለዚህ 4 ሺህ ይከፍላል።

በ2023 የእንግሊዝ ባንክ ወለድ 5.25 በመቶ ሲደርስ የብዙዎች ስሌት ተበላሸ። ገሚሶቹ ሸጡ፣ ገሚሶቹ ቤት የሚገዙበት ኩባንያ አቋቋሙ፤ የግብር ለውጡ ኩባንያዎችን አይነካምና።

አከራይ ሲሸጥ ማን ይጠቀማል? ግልጽ መልስ የሰጠችው የኔዘርላንድስ ከተማ ሮተርዳም ናት። ከጥር 2022 ጀምሮ በተመረጡ ሰፈሮች ርካሽና መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን ቤቶች ገዝቶ ማከራየት ተከለከለ። ውጤቱን ያጠኑ የአገሪቱ ተመራማሪዎች፣ በእነዚያ ሰፈሮች የመጀመሪያ ገዢዎች ቁጥር መጨመሩን አረጋገጡ። የቤት ዋጋ ግን በሚታይ ሁኔታ አልቀነሰም። ኪራይ በ4 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ወደ ሰፈሮቹ የገቡት ሰዎች ገቢያቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከውጭ አገር የመጡ ነዋሪዎች ድርሻ ግን ቀነሰ።

በውጭ አገር ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህ የመጨረሻው ግኝት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አዲስ የመጣ ስደተኛ የብድር ታሪክም ቋሚ የሥራ ውልም ስለማይኖረው አከራይ ሁሉ ቢሸጥ እንኳ ገዢ ሊሆን አይችልም። ከዚህም በላይ አራት ሰዎች ተጋርተው የሚከራዩትን ቤት ሁለት ሰዎች ገዝተው ሲገቡበት፣ ሁለቱ ሌላ ጣራ መፈለጋቸው አይቀርም። ገዝቶ ማከራየትን መገደብ የሚጠቅመው ከኪራይ ወደ ባለቤትነት ለመሻገር አንድ እርምጃ የቀረውን ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው ተከራይ ዋጋውን ይከፍላል።

“ትርፍ ቤት” እና ኮንዶሚኒየም

ለኢትዮጵያውያን ክርክሩ እንግዳ አይደለም። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከልክሎ፣ “ትርፍ ቤት” የተባለውን ሁሉ ወረሰ። ኪራይ ለብዙዎች ረከሰ፤ ለማከራየት የሚሠራ አዲስ ቤት ግን ለዓመታት ቆመ፣ የተወረሱትም ጥገና አጥተው አረጁ።

በቅርቡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተገነቡት የኮንዶሚኒየም ቤቶችም ቤት ለሌላቸው ታስበው በዕጣ ቢከፋፈሉም፣ ብዙ ዕድለኞች ቤቱን አከራይተው በኪራዩ ብድሩን ይከፍላሉ። ለንደን ላይ በአከራዩ የሚማረር ሰው አዲስ አበባ ላይ ራሱ አከራይ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪም መንግሥት በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲደረግ ደንግጓል።

እንግሊዝም የተከራይን ዋስትና ወደማጠናከር አዘንብላለች። በጥቅምት 2025 የጸደቀው የተከራዮች መብት ሕግ ያለ ምክንያት ማስወጣትን የሚፈቅደውን አንቀጽ 21 ከግንቦት 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይሽራል፤ አከራዩም ኪራይ መጨመር የሚችለው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ቤቱን ለመሸጥ ወይም ራሱ ሊኖርበት የሚፈልግ አከራይ ከውሉ የመጀመሪያ ዓመት በኋላ የአራት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማስለቀቅ ይችላል። ቅድመ ክፍያ ስለሚያጠራቅመው ተከራይ ግን ሕጉ የሚለው ነገር የለም።