የጦስኝ ዘይትና ታሪኩ

ጦስኝ በሸዋ፣ በወሎና በባሌ ደጋዎች የሚበቅል ባለ መዓዛ ቅጠል ነው። ባልትና አዋቂ እናቶች ለበርበሬና ለሽሮ ቅመም፣ ለሳልና ለሆድ ሕመምም መድኃኒት ሲያደርጉት ኖረዋል። የመዓዛው ምንጭ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ተናኝ ዘይት ሲሆን፣ የዘይቱ ምርምር የተጀመረው ግን የጦስኝ ዘመድ በሆነው በአውሮፓው ተክል ላይ ነበር። የበርሊኑ ፋርማሲስት ካስፓር ኖይማን በ1719 እ.ኤ.አ. ከዘይቱ ነጭ ክሪስታል ለየ፤ በ1853 እ.ኤ.አ. ላልማን የተባለው ኬሚስት «ቲሞል» ብሎ ሰየመው። ባክቴሪያንና ሻጋታን ስለሚገድል ለአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ዋለ። የእኛው ጦስኝ ዘይትም ቲሞልና የቅርብ ዘመዱ ካርቫክሮል አለው።

መሐንዲስን የሚመለከተው የአወጣጡ ዘዴ ነው። ቲሞል ለብቻው የሚፈላው በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በእንፋሎት ሲታጠን ግን የሁለቱ ተን ግፊት ተደምሮ የአየሩን ግፊት ስለሚያክል ከ100 ዲግሪ በታች ይወጣል፤ ከዚያም በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። የአረቄ አውጪዎቻችን ማሰሮና ሸምበቆ የሚሠሩትም በዚሁ የማትነንና የማቀዝቀዝ ሥርዓት ነው።

ዳሩ ግን ከብዙ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ጥቂት ነው። ስለዚህ ማንጠሪያ ከማቆም በፊት ጦስኙን በማሳ ማልማት ይቀድማል፤ ከዱር እየነቀሉ ማንጠር ተክሉንም ተራራውንም ያራቁታልና።