ብልባላ ጊዮርጊስ ቢሰነጠቅ ማንን እንጠይቅ?

የብልባላ ልጆች፣ ሲቪክስ ሳስተምራችሁ የተረፈ አንድ ዕዳ አለብኝ።

የመንግሥት ሥልጣን ዓይነቶችን ስንማር ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጊዮርጊስ ቢሰነጠቅ የምንጠይቀው ማንን ነው? ፌዴራሉን ወይስ ክልሉን?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «የፌዴራል ነው» ብዬ ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ። በችኮላ ነው የመለስኩት።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የጃፓኑን እያዩ ባረቀቁት ሰነድ ሥልጣን ሁሉ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ያበቃል። የ1948ቱም ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ቢፈቅድም ዋናውን ነገር አልነካም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ግን ሥልጣንን አከፋፈለ። አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ይዘረዝራል፤ መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ ማተም። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሁሉ የክልል ነው ይላል። (ይቺን «ቀሪ ሥልጣን» እያልኩ አሸምድጃችኋለሁ፤ ፈተና ላይም አትቀርም ነበር!) ግብሩም እንዲሁ ነው፦ የጉምሩክ ቀረጥ የፌዴራል፣ የግል ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብር የክልል፣ የኩባንያዎች የትርፍ ግብር የጋራ።

ጊዮርጊስስ? አንቀጽ 51 ንዑስ 3 ፌዴራሉ የታሪክ ቅርሶች የሚጠበቁበትን አገር አቀፍ መመዘኛ ያወጣል ይላል፤ በንዑስ 5 ሕጉንም የሚያወጣው እሱ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። ደጁን ከፍተው የሚዘጉት ደግሞ ካህናቱ ናቸው፤ አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ለአንድ አለት ሦስት እጅ። ሦስት እጅ ያለበት ነገር ደግሞ «የእኔ አይደለም» ለማለት ይመቻል፤ እኔም አንድ ጊዜ ደብዳቤ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቻለሁ።

የላሊበላ ሰው በ2011 መጀመሪያ «አብያተ ክርስቲያናቱ ይታደጉልን» ብሎ ሰልፍ ሲወጣ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነው። እነዚያ እንኳ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ንብ ያደረበት የእኛው ጊዮርጊስ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ መልሴን ተቀበለኝ፦ ማመልከቻውን ለወረዳው ጻፍ፤ ግልባጭ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም፣ ግልባጭ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ግልባጭ ለሀገረ ስብከቱ። የደረሰኝ ማህተም ሳታስመታም አትውጣ።