ነሐሴ 15፣ 1997፦ ቡግና ለሁለተኛ ጊዜ ድምፅ የሰጠበት እሑድ

በኢትዮጵያ የምርጫ ታሪክ ብዙ የተጻፈለት ቀን ግንቦት 7፣ 1997 ዓ.ም. ነው። ያን ያህል ያልተወራለት ቀን ግን ከሦስት ወር በኋላ የመጣው ነሐሴ 15 ነው። በዚያ እሑድ በ31 የምርጫ ክልሎች መራጮች እንደገና ተጠርተው ድምፅ ሰጡ። ከእነዚህ ክልሎች አንዱ ቡግና ነበር። ከቆቦ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ሰው ከፊቱ የተደረደረው ተራራ ጊዳንን፣ ከጊዳን ወዲያ ላስታን ይዟል። ቡግና በዚያ በላስታ ምድር፣ በላሊበላ አካባቢ የሚገኝ ደጋ ነው። አንድ አገር ነፃና ፍትሐዊ ምርጫ ማድረግ የሚያቅተው የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ ከአዲስ አበባ አደባባዮች ይልቅ የቡግና ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።

አገሪቱ ከምርጫ ጋር የተዋወቀችው ዘግይታ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን ሕዝቡ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 መግቢያ ላይ ተካሄደ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዕጩ የሚሆነውም በአካባቢው ንብረት ያለው ሰው ብቻ ነበር። በጊዜው በወሎ ጠቅላይ ግዛት ራያና ቆቦ አውራጃ፣ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላ የሚያበቅለው ጭሰኛ መምረጥ ይችል እንደሆነ እንጂ መመረጥ አይታሰብለትም። ደርግ በበኩሉ ሰኔ 7፣ 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላትን አስመረጠ፤ ዕጩዎቹ ግን በዘመኑ ብቸኛ ፓርቲ በኢሠፓ ወንፊት ያለፉ ነበሩ። ከኢሕአዴግ መግባት በኋላ የመጣው የ1987ቱ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ያልተካፈሉበት ሲሆን፣ በ1992ም ተቃዋሚው ያገኘው ወንበር በጣት የሚቆጠር ነበር።

1997 ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ደግሞ የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት መስቀል አደባባይን በሕዝብ ሞሉት። በአና ጎሜዝ የሚመራው የአውሮፓ ኅብረት ቡድንና በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የሚመራው የካርተር ማዕከል ለመታዘብ ገቡ። በምርጫው ዕለት ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ዋለ፤ ሰልፉ እስከ ሌሊት የዘለቀባቸው ጣቢያዎችም ነበሩ።

የዚያ ሌሊት ቆጠራ ሥርዓት ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። የድምፅ መስጫው ሰዓት ሲያበቃ ሣጥኑ በፓርቲ ወኪሎችና በታዛቢዎች ፊት ይከፈታል። የጣቢያው ኃላፊ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሣ ለሁሉም ያሳያል። ንብ ላይ ምልክት ያረፈበት ለኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት ላይ ያረፈበት ለቅንጅት እየተባለ በየወገኑ ይከመራል። ምልክቱ ከቦታው የሸሸ ወረቀት ለብቻው ይቀመጥና ወኪሎቹ አጎንብሰው ይከራከሩበታል። መብራት ባልገባበት ገጠር ይህ ሁሉ የሚሆነው በፋኖስና በባትሪ ነው። በመጨረሻ ድምሩ በቅጽ ላይ ይሰፍራል፣ ወኪሎች ይፈርሙበታል፣ አንዱ ቅጂ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። እስከዚህ ድረስ ድምፁ የሠፈሩ ነው፤ የቆጠረውም፣ ሲቆጠር ያየውም የሚተዋወቅ ሰው ነው። የካርተር ማዕከልም በኋላ ባወጣው የመጨረሻ መግለጫ በግንቦት 7 ድምፅና ድመራ ላይ የተመሠረተው የአብዛኞቹ ክልሎች ውጤት ተአማኒ መሆኑን መስክሯል።

ችግሩ ቅጹ ከበሩ ተነሥቶ ሲጓዝ ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያው ምሽት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ እንዳይደረግ ከለከሉ። ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ገዢው ፓርቲ አሸነፍኩ አለ፤ ተቃዋሚዎችም እንዲሁ አሉ። አዲስ አበባ ላይ ጥርጥር አልነበረም፦ የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ የወሰደው ቅንጅት ነው። በገጠሩ ግን ውጤቱ ሲዘገይ ሰው ትዕግሥቱን ጨረሰ። ሰኔ 1 በአዲስ አበባ ደም ፈሰሰ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 3፣ ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች ቅሬታዎች በሚጣሩበት መንገድ ላይ ስምምነት ፈረሙ።

በስምምነቱ መሠረት ወደየክልሉ የሚወርዱ አጣሪ ቡድኖች ተቋቋሙ። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት አባላት ነበሩት፦ አንዱ ከምርጫ ቦርድ፣ አንዱ ከከሳሹ ፓርቲ፣ አንዱ ከተከሳሹ። ወረቀት ላይ ሲታይ ሚዛኑን የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ተከራካሪዎች እርስ በርስ ስለሚሻሻሩ ፍርዱ ሁልጊዜ በሦስተኛው ሰው እጅ ይወድቃል። ያ ሦስተኛ ሰው የምርጫ ቦርድ ነው፤ ቦርዱን ደግሞ ተቃዋሚው ከመነሻው አላመነውም። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ በዚያው ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። በቦርዱ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ወገን አቤት የሚለው ፍርድ ቤት ሄዶ ነበርና አቤቱታው ከአንድ ሰው እጅ ወጥቶ ወደዚያው ሰው ደጃፍ የሚመለስ ሆነ። የሰውየው ጠባይ ምንም ያህል የቀና ቢሆን እንዲህ ያለ አወቃቀር ተሸናፊን ማሳመን አይችልም።

ቆቦ ሜዳ ላይ የሚኖረው የራያ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት የሕግ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በራያ ቆቦ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቀው ዘወልድ የተባለው የሽማግሎች ሥርዓት የቆመው ሁለቱም ወገኖች በሚቀበሏቸው ሽማግሎች ላይ ነው። በዳይም ተበዳይም ሽማግሌውን ካልተቀበለ ጉዳዩ ገና አልተጀመረም ማለት ነው። በ1997 ክረምት የጎደለው ይህ ነበር።

ወደ ቡግና እንመለስ። ቡግና ለኢሕአዴግ ተራ የምርጫ ክልል አልነበረም። በድርጅቱ ውስጥ የአማራው ክንፍ የሆነው ብአዴን፣ ኢሕዴን በሚባልበት ዘመን የትጥቅ ትግሉን ያካሄደው በዋግና በላስታ ተራሮች ነው። ከድርጅቱ ነባር ታጋዮች አንዱ የሆኑት የማስታወቂያ ሚኒስትሩ አቶ በረከት ስምዖን የተወዳደሩትም በዚሁ በቡግና ነበር። በግንቦት 7ቱ ድምፅ አቶ በረከት በቅንጅት ዕጩ ተሸነፉ። መንግሥትን ወክሎ በየቀኑ በቴሌቪዥን የሚናገር ሚኒስትር፣ ያውም የድርጅቱ መነሻ በሆነ ምድር፣ በገበሬ ድምፅ መውደቁ የዚያን ዓመት ምርጫ እውነተኛነት ከሚያሳዩ ምልክቶች ትልቁ ነው። በኦሮሚያም አቶ አባዱላ ገመዳና አቶ ጁነዲን ሳዶ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸው ነበር።

ኢሕአዴግ ቅሬታ አቀረበ፤ ጉዳዩ ተጣራ፤ ቦርዱም ምርጫው እንዲደገም ወሰነ። ቀኑ ነሐሴ 15 ሆነ። ላስታን ለሚያውቅ ይህ ቀን ብዙ ይናገራል። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ ነው። የፍልሰታ ጾም የመጨረሻ ቀንም ነው፤ ላሊበላን በመሰለ ደብር የሱባዔ ማብቂያ ዋዜማ ማለት ነው። በግንቦት አገር ምድሩን ሞልተውት የነበሩት ታዛቢዎች በነሐሴ ጥቂት ነበሩ። በዚሁ ዕለት በሶማሌ ክልልም ምርጫ ስለነበር ያሉትም ወደዚያ ተከፋፈሉ።

ውጤቱ ሲነገር አቶ በረከት አሸናፊ ሆኑ፤ አቶ አባዱላና አቶ ጁነዲንም እንዲሁ። በድጋሚ ምርጫ ከተደረገባቸው 31 ክልሎች ኢሕአዴግ 31ዱንም ወሰደ።

ይህን ውጤት የሚያስረዱ ሁለት ትረካዎች አሉ። በገዢው ፓርቲ በኩል የሚነገረው፣ በግንቦት የተሰጠው ድምፅ የቁጣ ድምፅ ነበር፤ የተቃዋሚ ደጋፊዎች ገበሬውን አስፈራርተውታል፣ ሕግ ተጥሷል፤ ገበሬው በነሐሴ ሰከን ብሎ ሲያስብ ወደ ሚያውቀው ድርጅት ተመለሰ የሚል ነው። አቶ በረከት ከዓመታት በኋላ ባሳተሙት «የሁለት ምርጫዎች ወግ» የ1997ንና የ2002ን ምርጫዎች ከፓርቲያቸው ወገን ሆነው ተርከዋል። የተቃዋሚዎች ትረካ ሌላ ነው፦ በማጣራቱ ወቅት ምስክሮቻቸው ታስረዋል፣ ተዋክበዋል፤ ድጋሚው ድምፅ የተሰጠው ሰው ካድሬና ታጣቂ በሚፈራበት አየር ነው።

ገበሬ ሐሳቡን አይለውጥም ማለት አይቻልም፤ አንዳንድ ቦታም በግንቦት ሕግ ተጥሶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም 31 ከ31 ለማስረዳት የሚያስቸግር ቁጥር ነው። በየቦታው የተለያየ ገበሬ፣ የተለያየ ዕጩ፣ የተለያየ ቅሬታ ነበር፤ መልሱ ግን አንድ ወጣ። የግንቦቱን ውጤት በአብዛኛው ያመሰገነው የካርተር ማዕከልም በአጣሪ ቡድኖች ውሳኔና በድጋሚ ምርጫ ላይ የተመሠረቱ በርካታ ውጤቶች ተአማኒነታቸው አጠያያቂ መሆኑን ገልጿል። አንድ ታዛቢ በአንድ ዓመት ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን መጠርጠሩ የአድልዎን ክስ ያቀልለታል። የአውሮፓ ኅብረት ቡድን ብያኔ ከዚህ የጠነከረ ነበር።

በመጨረሻው ቆጠራ ኢሕአዴግ ከ547 ወንበሮች 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ኅብረት 52 አገኙ። ከቀደሙት ምክር ቤቶች ጋር ሲነጻጸር ይህ ተቃዋሚው አይቶት የማያውቀው ቁጥር ነው። ቅንጅት ግን ተሰርቄያለሁ ብሎ ስለሚያምን ፓርላማ መግባትና አለመግባት ራሱ ሰነጠቀው። ከጥቅምት 22፣ 1998 ጀምሮ ሁከቱ እንደገና ተነሣ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔና በጥቅምት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ ተፈረደባቸው፣ በ1999 ክረምት በይቅርታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ብዙ ማብራሪያ አይሹም፦ በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 545 ወንበር፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ያዙ።

ከቅንጅት ታሳሪዎች አንዷ የነበሩት የቀድሞ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በዚያው ዓመት ቦርዱን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ 1133 እና የምርጫ አዋጁ 1162 ወጡ፤ የፓርቲ ምዝገባ፣ የቅሬታ መንገድና የፍርድ ቤት ይግባኝ በአዲስ መልክ ተደነገጉ። በተቋም ደረጃ ከ1997 ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ሲስተካከል የምርጫው መሬት ራሱ ከእግር ሥር ተንሸራተተ። ይህም ከየትም ቦታ ይልቅ በራያ ይታያል።

ቆቦና አላማጣ የአንድ ሜዳ፣ የአንድ መንገድ ከተሞች ናቸው። ጳጉሜ 4፣ 2012 የትግራይ ክልል ከፌዴራል መንግሥት ውሳኔ ውጭ የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን እንዳልተደረገ ቆጠረው። አላማጣ በዚያን ጊዜ በትግራይ ሥር ነበረች። ሰኔ 14፣ 2013 ደግሞ በአማራ ክልል ያለችው ቆቦ በስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ ሰጠች፤ በጦርነት ላይ በነበረችው ትግራይ ግን ምርጫ አልተደረገም። በአንድ ሜዳ ላይ አንዱ ወገን የመረጠበትን ሌላው የማያውቀው ሆነ። ቆቦ ድምፅ በሰጠች በወሩ፣ በሐምሌ፣ የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከነዋሪዎች በሰበሰበው ቃል መሠረት ከጳጉሜ 4፣ 2013 ጀምሮ ትጥቅ ያልያዙ ሰዎች በቆቦ በትግራይ ተዋጊዎች ተገድለዋል። ዕለቱ የአላማጣው ምርጫ ልክ ዓመት የሞላበት ቀን ነበር።

የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ጦርነቱን ቢያቆምም ራያ በየትኛው ክልል ትተዳደር የሚለውን ጥያቄ አልፈታም። ያው ዓመት ሳያልቅ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሚያዝያ 2016 በአላማጣና በአካባቢዋ ግጭት ሲነሣ ከ50,000 በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ። አብዛኞቹ የወረዱት ወደ ቆቦ ነው፤ የተቀሩት ወደ ሰቆጣ ሄዱ።

ምርጫ ቦርድ ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የጊዜ ሰሌዳ አውጥቷል። አዋጅ 1162 አንድ ሰው በመራጭነት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋምም ይፈቅዳል። ቤቱ አላማጣ ቀርቶ ቆቦ የተጠለለ ሰው ድምፁ ለየትኛው ክልል እንደሚቆጠር የሚመልሰው ግን የመራጮች መዝገብ አይደለም። መልሱ የሚጠበቀው የአላማጣን አስተዳደር ከሚወስነው አካል ነው፤ ያ አካል ደግሞ እስካሁን በሁለቱም ወገን ፊት አልተቀመጠም።