ፊደላችንና በፋብሪካ የተቀረጸው ቺፕ

በአገራችን የኮምፒዩተር ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው መሣሪያው መቼ ገባ፣ ማንስ አስገባው የሚለው ነው። ለትምህርት ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን መሣሪያው በሆዱ ይዞት የመጣው ነገር በምን መንገድ ሊለወጥ ቻለ፣ ፊደላችንስ በዚያ ለውጥ ውስጥ ምን ገጠመው የሚለው ጥያቄ ይመስለናል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ከ1977 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት የቤት ኮምፒዩተሮች ሮም የተባለውን ቺፕ ይዘው ይወጡ ነበር። ሮም ይዘቱ በፋብሪካ አንድ ጊዜ የተቀረጸ፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የማይጠፋ፣ ባለቤቱ ሊያነበው እንጂ ሊጽፍበት የማይችል ነው። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ሦስት እንዲህ ያሉ ቺፖች ነበሩት፤ ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የያዘው 8 ኪሎባይት፣ መሣሪያውን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም የተቀመጠበት ሌላ 8 ኪሎባይት፣ የፊደላት ቅርጽ የተሣለበት ደግሞ 4 ኪሎባይት። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 በሆነ የነጥብ ሠንጠረዥ ስለሚሣል 8 ባይት ይበቃዋል፤ በ4 ኪሎባይትም 512 ቅርጾች ይቀመጣሉ። መምህራን ይህንን በካሬ ወረቀት ላይ ለተማሪ ማሳየት ይችላሉ፤ ከዚህ የተሻለ የሁለትዮሽ ቍጥር ማስተማሪያ በቀላሉ አይገኝም።

በፋብሪካው ሥራ ያልረካ ሰው ቺፑን ነቅሎ በምትኩ ራሱ የጻፈበትን መትከል ይችል ነበር። ለዚህ የሚያገለግለው ኢፕሮም ነው፤ በጀርባው ባለው የኳርዝ መስኮት በኩል በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ይሰረዛል፣ እንደገናም ይጻፍበታል። ችግሩ 8 ኪሎባይት የሚይዘው የፋብሪካ ቺፕ 24 እግር ሲኖረው፣ በገበያ የሚገኘው 2764 የተባለው ኢፕሮም ግን 28 እግር ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ በመካከል እግሮቹን የምታገናኝ ትንሽ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በዘመናችን ያሉ የድሮ ኮምፒዩተር አፍቃሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በኤሌክትሪክ የሚሰረዙ ቺፖችን መጠቀማቸውና በአንዲት ሰሌዳ ላይ ብዙ ይዘት አኑረው በማብሪያ ማጥፊያ መምረጣቸው ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1981 ለወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው የማሳያ ካርድ 256 ቅርጾችን በሮም ይዞ ስለነበር የላቲን ፊደል የማይበቃቸው አገሮች ቺፑን በራሳቸው ፊደል ለውጠዋል። ዕብራይስጥ የቃል መጨረሻ ቅርጾቹን ጨምሮ 27 ምልክቶች ብቻ ስላሉት ያለ ችግር ገባ። ፖላንዶችም ማዞቪያ ለተባለው የአገራቸው ኮምፒዩተር የጎደሏቸውን ጥቂት ፊደላት በሌሎች ቦታ ተክተዋል።

የእኛ ፊደል ግን እንዲህ በቀላሉ የሚስተናገድ አልነበረም። ከ256ቱ ቦታ የመሣሪያው ትእዛዝ የሚጻፍባቸው 95 የላቲን ፊደሎች፣ አኀዞችና ምልክቶች ሊነኩ አይችሉም፤ የሚቀረው 161 ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ሏ፣ ቋና ኳ፣ 20ዎቹ የግእዝ አኀዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦችም ገና አልተቈጠሩም። ጨን ወይም ጿን በ8 በ8 ነጥብ ለመሣል የሞከረ ሰው ደግሞ የቦታው ጥበት ምን ያህል እንደሆነ ወዲያው ይረዳል።

ስለዚህ ምርጫው ፊደሉን ለመሣሪያው መቀነስ ወይም መሣሪያውን ለፊደሉ ማስፋት ነበር። የመጀመሪያውን የጽሕፈት መኪና አሳይቶናል፤ ፊደሉን ከግንድና ከቅጥያ እየገጣጠመ ስለሚጽፍ የፈተና ወረቀት የተየበ መምህር ሁሉ ያንን የተንሻፈፈ ቅርጽ ያስታውሰዋል። ቅነሳው በአማርኛም ብቻ የሚቆም አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት 15 ቋንቋዎችን ያስተማረው በዚሁ ፊደል ነበር፤ ለኦሮምኛ ዸን የመሰለ ተጨማሪ ፊደልም አስፈልጓል። ሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ እንውሰድ። አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ በሚሰሙበት በዚህ አካባቢ፣ በ161 ቦታ የተወሰነ ቺፕ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቀረው የአማርኛ ያልሆኑትን ድምፆች ነበር። በእኛ አስተያየት ቺፕ መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ በጎ ዕድል ነው።

መንገዱ የተከፈተው ቅርጾቹ ከሮም ወጥተው ሊጻፍበት ወደሚችል ማኅደረ ትውስታ ሲዛወሩ ነው። በ1984 የወጣው ኢ.ጂ.ኤ. ካርድ 512 ቅርጾችን በአንድ ጊዜ ማሳየት ቻለ፤ በ1986 የወጣው ሄርኩለስ ፕላስ ደግሞ እስከ 3,072። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ የተባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ፣ በአሜሪካም የዶክተር አበራ ሞላና የአቶ ፍስሐ አጥላው ሥራዎች ታዩ። የቀዳሚነቱን ክርክር ለባለ ጉዳዮቹ እንተወው። የሚያሳዝነው እያንዳንዱ የየራሱን የቍጥር አሰያየም በመከተሉ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው አለመነበቡ ነበር። ይህ የተቃለለው ፊደላችን 345 ምልክቶች ይዞ በመስከረም 1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ ነው፤ የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደላትም በ2005 ገቡ።

አሮጌ መሣሪያ ያለው ትምህርት ቤት የቺፕ ቅያሬውን ለማሳያ ሊሞክረው ይችላል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃት ቆላ ግን መሣሪያው ሲግልና ሲበርድ ቺፖቹ ከመሰኪያቸው ቀስ በቀስ ስለሚነሡ አስቀድሞ መሰኪያውን ማየት ይገባል። የኢፕሮሙ መስኮት የፀሐይ ብርሃን እንዳይሰርዘው በወረቀት ይሸፈን፤ የመሰረዣው መብራት ዓይን ስለሚጎዳ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ብቻ ይብራ።