የብረት ዕቃና የመኪና ጥገና በከምባታና በሐዲያ ምድር

ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ወደ ቢላቴ ወንዝ በሚያዘቀዝቀው በከምባታ ምድርና በጎረቤቱ በሐዲያ፣ የመኪና ድምፅ ከመሰማቱ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ ወናፍ ነፍቶ ፍሙን የሚያግም፣ የጋለውንም ብረት በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ነበረ። ገበሬው የሚቆፍርበት ዶማ፣ እናቶች የቆጮውን ጭረት የሚከትፉበት ቢላዋ፣ ቤት ሠሪው ምሰሶ የሚጠርብበት መጥረቢያ ሁሉ ከዚህ ሰው እጅ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በዕቃው እየተጠቀመ ሠሪውን ይንቅ ነበር፤ በአንድ ማዕድ አብሮት አይቀርብም፣ ልጁን አይድርለትም፣ በሸንጎም ቃሉን እንደ ባለ መሬቱ ቃል አይሰማለትም። ይህ ክፉ ልማድ የደቡቡ ብቻ አልነበረም፤ በሰሜኑም አገር ብረት ሠሪው ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ በመንፈሱ እንደ ሞላው በኦሪት ዘፀአት ተጽፎ እያለ፣ ያንኑ መጽሐፍ የሚያከብር ሕዝብ የባስልኤልን ወንድሞች ከማዕዱ ማራቁ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች በሥራቸው እንዳይሰደቡ የሚከለክለውን አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ. ም. ነበር። በዚያው ዓመት ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ በተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ተራራውን ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቂትም ቆይቶ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና አመጣ። ከዚያ በፊት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣው፣ ሕዝቡ «ሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው፣ በእንፋሎት የሚሄደው የመንገድ መዳመጫ ነበረ። አዋጁና መኪናይቱ በአንድ ዓመት የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ያለ ብረት ሠሪ ጥበብ አንድ ቀን እንኳ ሊሄድ የማይችለው ተሽከርካሪ ወደ አገራችን የገባው፣ ብረት ሠሪውን አትስደቡ በተባለበት ዓመት መሆኑን የታሪክ ተመልካች ሳያስተውለው ሊያልፍ አይገባም። በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ጋራዥ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ የሚሰበረውን ሁሉ በመንገድ ላይ የሚጠግነው ተጓዡ ራሱ ነበር። መኪና ነጂው መጠገኛውን ይዞ እንዲዞር የሚያስገድደው ሥርዓት በኢትዮጵያ የተጀመረው እንግዲህ ከመጀመሪያይቱ መኪና ጋር ነው።

ወደ ደቡቡ ግን መኪና የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1920 ዓ. ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ሐዲያና ወደ ወላይታ ሲመጡ ጓዛቸውን የጫኑት በበቅሎ ነበር። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችውን ሆሳዕናን የመሳሰሉት ከተሞች የከባድ መኪናን ነገር በብዛት ያወቁት፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረበት ዘመንና ከዚያም በኋላ ነው። ጠላት ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ፊያትና ላንቻ የተባሉትን የጭነት መኪናዎች በሺህ አመጣ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ፊያት 634፣ በአገራችን ሹፌሮች አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ለብዙ ዘመን ተጠርቷል። ወራሪው በ1933 ዓ. ም. ድል ሆኖ ሲወጣ መኪናዎቹ፣ መፍቻዎቹና ከኢጣሊያኖቹም መካኒኮች ብዙዎቹ በአገሩ ቀሩ። በእነዚህ ሰዎች ጋራዥ ቱታ ለብሰው፣ ዘይት እየጠረጉና ቡሎን እየለቀሙ የጀመሩት ወጣቶች ከጥቂት ዓመት በኋላ ራሳቸው ሞተር አውርደው የሚገጥሙ መካኒኮች ሆኑ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ስካርፔሎ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ቡሶላ፣ ክሪክ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ የሚሉት የዕቃ ስሞች ከኢጣሊያንኛ በዚያ መንገድ ገብተው ዛሬም በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአዲሎ የሚሠሩ መካኒኮች የዕለት ቋንቋ ናቸው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደምናነበው፣ በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ ስላልነበረ ሕዝቡ ማረሻውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። ከነጻነት በኋላ የነበሩት የመንግሥት ሰዎች ይህንን ውርደት የተረዱት ይመስለኛል፤ ጠላት በወጣ በዓመቱ፣ በ1934 ዓ. ም.፣ በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ብረታ ብረትና የሞተር ጥገና እንደ ማናቸውም ዕውቀት በክፍል መሰጠት ጀመረ። ቀጥቃጭ ተብሎ ይሰደብ የነበረው ሰው ሥራ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ መጻፉ፣ ከብዙ አዋጅ ይልቅ ኃይል ያለው ነገር ነበር።

የገጠሩ ትምህርት ቤት ግን የጭነት መኪናው ራሱ ነበር። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ. ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ ይልቁንም በ1950ዎቹ የጉራጌ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ከአለምገና በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ማሠራት ሲጀምር፣ ወደ ሐዲያና ወደ ከምባታ የሚመላለሰው ሹፌር ቁጥር እየበዛ ሄደ። የክረምቱ ጭቃ መኪናውን እስከ አክስሉ በሚውጥበት በዚያ ቀይ አፈር ላይ፣ የሹፌሩ ቀዳሚ የጥገና ዕቃ አካፋና ዶማ ነበረ፤ ቀጥሎም ክሪክ፣ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ሳንቃ፣ ጎማ መፍቻ ብረት፣ የካላማዳሪ መለጠፊያ፣ የእጅ ፖምፓ፣ ሽቦና ገመድ። ረዳቱ እነዚህን ዕቃዎች፣ ዲያቆን ንዋየ ቅድሳትን እንደሚጠብቅ፣ በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ያኖራቸው ነበር፤ አንድ መፍቻ የጠፋበት ረዳት ከሹፌሩ የሚያገኘው ቁጣ ቀላል አልነበረም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን ሞተርን በእጅ አዙረው የሚያስነሡበት ብረት፣ ማኑቤላ ነው። በአሜሪካ ካዲላክ ኩባንያ ሞተርን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣውን መሣሪያ በ1904 ዓ. ም. ገደማ ለመኪናዎቹ ቢገጥምም፣ ባትሪ በደከመበት ሁሉ ማኑቤላ ከአገልግሎት አልወጣም። አሮጌው ሹፌር ለረዳቱ የሚያስተምረው አያያዙን ነበር፤ አውራ ጣት እጀታውን አቅፎ አይያዝም፣ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል እንጂ፤ እጀታውም ከታች ወደ ላይ ይሳባል እንጂ ከላይ ወደ ታች አይገፋም። ምክንያቱም ሞተሩ ያለጊዜው ተኩሶ ማኑቤላውን ወደ ኋላ በመለሰው ጊዜ፣ እንዲህ የተያዘ እጅ ሲፈታ፣ ታቅፎ የተያዘ አውራ ጣት ግን ይሰበራል። ይህ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ትውፊት ነው፤ ስንቱንም ወጣት ከአካል ጉዳት እንዳዳነ የሚያውቅ አምላክ ብቻ ነው።

ከዚህ ይበልጥ ግን የአገራችንን መካኒክ ትዕግሥት የፈተነው የልክ ነገር ነው፤ ስለዚህም ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። የኢጣሊያኖቹ ፊያትና ላንቻ ቡሎኖች በሚሊ ሜትር የተለኩ ነበሩ። የአሜሪካኖቹ ፎርድ፣ ሼቭሮሌና ጂፕ በኢንች ይለካሉ። የእንግሊዞቹ ቤድፎርድና ከ1940 ዓ. ም. ጀምሮ መሠራት የጀመረው ላንድሮቨር ደግሞ፣ እነርሱም በኢንች ቢሆኑ፣ ከዮሴፍ ዊትዎርዝ የ1833 ዓ. ም. ሥርዓት የወረሱት የራሳቸው ልክ ነበራቸው፤ በዚህም ሥርዓት በመፍቻው ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቡሎኑን ግንድ ውፍረት እንጂ የራሱን ስፋት አያመለክትም፤ ስለዚህ ግማሽ ኢንች የሚል ምልክት ያለው የዊትዎርዝ መፍቻ አፉ ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። የጥርሱም ማዕዘን ይለያያል፤ የዊትዎርዝ 55 ዲግሪ ሲሆን የሚሊ ሜትሩና የአሜሪካኑ 60 ዲግሪ ነው። በመልክ አንድ የሚመስል ዳዶ በማይመለከተው ቡሎን ላይ በግድ ሲጠበቅ ጥርሱን በልቶት የሚቀረውም ስለዚህ ነው።

በሆሳዕና ወይም በአዲሎ አንድ ሳጥን መፍቻ ብቻ ያለው ሰው ሦስቱንም ዓይነት መኪና ይጠግን ዘንድ ሲጠየቅ፣ የትኛው መፍቻ ለየትኛው ቡሎን እንደሚስማማ በጣቱ መማር ነበረበት። የ19 መፍቻ የሦስት አራተኛ ኢንቹን ቡሎን ያለ ችግር ይፈታል፤ ልዩነታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ አምስት ብቻ ነውና። የ13 መፍቻ በግማሽ ኢንቹ ላይ ሲገባ ግን ሦስት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይወዛወዛል፤ ያልዛገውን ይፈታል፣ የዛገውን ማዕዘኑን ቀርፎ ያከብበዋል። ለዘጠኝ ዐሥራ ስድስተኛው ኢንችማ የ14ቱ አይገባለትም፣ የ15ቱ ይፈናጠርበታል። አፉ የሚሰፋውና የሚጠበው እንግሊዝ ቁልፍ ለዚህ ችግር መፍትሔ መስሎ በየሳጥኑ ቢገኝም፣ መንጋጋው እየላላ ስለሚሄድ ከረዳው ቡሎን ያበላሸው ይበልጣል። በኋላም የጃፓን መኪናዎች በበዙ ጊዜ ነገሩ እንደገና ተለወጠ፤ ግንዱ ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነውን ቡሎን ጀርመናዊው በ13 ሲፈታው፣ ጃፓናዊው በ12 ይፈታዋል። ዛሬ በየጋራዡ የ10፣ የ12ና የ14 መፍቻ ከሌሎቹ ይልቅ ተበልቶና ተወልውሎ የሚታየው፣ መንገዳችንን የሞሉት ቶዮታዎችና አይሱዙዎች ስለሆኑ ነው።

መኪናን በቤት ደጃፍ መጠገን በከተማው ሰው ዘንድ የተለመደው፣ በእኔ ግምት፣ በቮልስ ዋገን ነው። ቮልስ ውኃ የማይፈልግ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ስላላት፣ አንድ መምህር ወይም አንድ የመንግሥት ጸሐፊ በዕረፍት ቀኑ በግቢው ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይቷን ሊለውጥ ይችል ነበር፤ ከሥሯ ያለውን የማጣሪያ ክዳን በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ታስሮ ያገኘዋል፣ በ10 ቁጥር መፍቻ ይፈታዋል፣ ወንፊቱን በቤንዚን ያጥባል። ካንዴላውን አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል፤ የፕላቲኑን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ክፍተቱንም አራት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አምስት ወይም ስድስት መፍቻ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ የካንዴላ ቁልፍና ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች ናቸው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሯ የሚገባ ግን ሕይወቱን ለአንድ ቀጭን ዘንግ አደራ ሰጥቷል፤ ብልሁ ሰው ካባሌቶ ወይም የማይሰነጠቅ ጉማጅ እንጨት ያስደግፋል፤ ድንጋይ ሳይታሰብ ስለሚፈረካከስ አይታመንም።

በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ መለዋወጫ ሲወደድ፣ የባለ እጁ ጥበብ ወደ መኪናው በሙሉ ክብር ተመለሰ። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የአሮጌ መኪና አካል እየፈታ፣ ምናለሽ ተራም የተጣለውን ብረት እንደገና እየቀጠቀጠ ለአገሩ ሁሉ ያቀርብ ነበር። በየአውራጃውም ጎሚስታው ያረጀ ፒስቶን በካላማዳሪው ንጣፍ ላይ በሞርሳ አጥብቆ፣ በፒስቶኑ ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ነጭ ጋዝ አቃጥሎ፣ በዚያ ሙቀት ጎማውን ከጎማ ጋር ያዋሕድ ነበር። የተሰበረ ባሌስትራ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል፤ የመኪና ባሌስትራ ብረት ጠንካራ በመሆኑ ከእርሱ የሚሠራ ቢላዋና መጥረቢያ ስለቱን ይይዛል። ቀድሞ የተናቀው ሰው ወናፍና የመካኒኩ ሞርሳ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን እንዲህ ተመጋገቡ።

ዛሬ፣ ሆሳዕና ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ በሆነችበት ጊዜ፣ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ በየመንደሩ ይሄዳል፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱት ልጆች በላባቸው ባገኙት ገንዘብ ለቤተሰባቸው የገዙትም ከእርሱ ውስጥ ጥቂት አይደለም። መፍቻም ረክሷል። ነገር ግን በገበያ የሚሸጠው በመቶ የሚቆጠር ቁራጭ የያዘ የሚያብረቀርቅ ሳጥን፣ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ አፉ በሁለተኛው ቡሎን ይከፈታል። የመኪና ባለቤት ለሆነ ወንድም ሁሉ የምመክረው፣ ክሮም ቫናዲየም ከተባለው ጠንካራ ብረት የተሠሩ ጥቂት መፍቻዎች በልኩ እንዲገዛ፣ ልጁንም ስማቸውንና አያያዛቸውን እንዲያስተምር ነው።

ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በሆሳዕናም በዱራሜም ላሉት የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የትሬንታ ኳትሮ ዘመን ማኑቤላዎች፣ የዊትዎርዝ ምልክት ያለባቸው መፍቻዎች፣ የቀጥቃጮቹ መስፍና ወናፍ በየአሮጌው ሹፌርና በየባለ እጁ ቤት ጥግ ዝገው ተቀምጠዋል፤ ቁራሌውም በኪሎ እየገዛ ይወስዳቸዋል። ሳያልቁ ይሰብሰቡ፤ የያዟቸውም ሽማግሌዎች አንደበታቸው ሳይዘጋ ቃላቸው ይጻፍ።