የጎደለን ጎማ አልነበረም

ሰሞኑን ከፎርድስበርግ ወደ ሜይፌር የጫንኩት ያገር ልጅ፣ ካርቶንና ፕላስቲክ በጋሪ የሚጎትት ሰው በፊታችን ሲያልፍ አይቶ «አባቶቻችን እኮ ይቺን ታህል ጎማ እንኳ አያውቁም ነበር» አለኝ። ይህን ነገር ስንቴ ሰማሁት! መንገዱ አጭር ስለነበረ ያልጨረስኩትን መልስ እዚህ ልጻፈው። መሪ ከመጨበጤ በፊት መሐንዲስ ነበርኩና ከሒሳቡ እጀምራለሁ።

ከነጭነቱ አምስት ኩንታል የሚመዝን ጋሪ ጥሩ ሜዳ ላይ ከሆነ አሥር ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጎትተዋል። በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ ግን ሌላ ሃምሳ ኪሎ ይጨመርበታል። ቁልቁለቱማ ይብሳል፤ ፍሬን የሌለው ጋሪ ፈረሱን ገፍቶ ይጥለዋል። በቅሎ ግን እግሯን እየመረጠች ገደሉን ታልፈዋለች።

የፈረስ ጋሪ ደልቶት የኖረው የት እንደነበር አስታውሱ እስቲ፦ ባሕር ዳር፣ ደብረ ዘይት፣ ዝዋይ፣ አዋሳ። ሁሉም ሜዳ ናቸው። ሁለት የመኪና ጎማ ተገጥሞለት ሁለት ሦስት ሰው ከነዕቃው የሚጭነው ጋሪ፣ ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ የእነዚህ ከተሞች ታክሲ ነበር። የመርካቶው የእጅ ጋሪ ደግሞ ከመጋዘን እስከ ሱቅ ነው፣ ከዚያ አይርቅም። (በነገራችን ላይ ስሙን ሕንዶችም ጋሪ ይሉታል፤ በስዋሂሊ መኪናው ራሱ ጋሪ ነው።)

አሁን ወደ አባቶቻችን። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1867 አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሯትን ሴባስቶፖልን ጎማ ባለው ሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። 7 ቶን ገደማ ትመዝናለች። በዚያው ሒሳብ ዳገቱ ላይ ክብደቷ ብቻ ወደ ኋላ የሚስበው 700 ኪሎ ነው፣ የድንጋዩና የጭቃው ሳይቆጠር። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር ጎተታት። መቅደላ የደረሰችው በማርች 1868 መጨረሻ ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ያዘገያቸው ጎማው አይደለም። ከጎታቹ ፊት መንገድ ሠሪው ነበር፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየፈለጠ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ጀኔራል ናፒየርስ? ከዙላ የባሕር ዳርቻ የባቡር ሐዲድ የዘረጋ ሰው ነው፣ ጎማ አያውቅም አይባልም። ተራራውን ግን ስለሚያውቀው 44 ዝሆን ከሕንድ አስመጥቶ ከባድ መድፎቹን በጀርባቸው አስጫነ። ዋድላ ደጋ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ጅዳ የወረደው ቴዎድሮስ ባስቆረጡት መንገድ ነው። ጠላት የመጣበት መንገድ እኛው የሠራነው ሆነ፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መቅደላ ከወደቀች በኋላ የተዘረፈውን ብራናና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወሰዱ። ሴባስቶፖልን ግን ትተዋት ሄዱ። ዛሬም እዚያው ናት፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩዋት ቅጂዋ ናት።